ከኪራይ ጭቅጭቅ የተወለደው ክለብሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የእንግሊዙ ክለብ ኤቨርተን የድሮ ሜዳውን ጉዲሰን ፓርክን የተሰናበተ ዕለት አብረን እያየን ነበር። ሽማግሌ ደጋፊዎች ሲያለቅሱ አይተሽ «አባዬ፣ ሜዳ እኮ ነው! አዲስ ተሠርቶላቸው የለ እንዴ?» አልሽኝ። እኔም «ዝም ብለሽ እዪ» ብዬ አለፍኩሽ። ያ ግን መልስ አልነበረም። በአፌ ስጀምረው ስለሚረዝምብኝ ነው የጻፍኩልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሪያቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኪራይ ነው። ኤቨርተን ጉዲሰን ከመግባቱ በፊት የሚጫወተው አንፊልድ ነበር። አዎ፣ ያው ያንቺው አንፊልድ። አከራዩ ጆን ሆልዲንግ የሚባል ቢራ ጠማቂ ነው፤ የክለቡ ፕሬዚዳንትም እሱ ራሱ። ተጫዋቾቹ ማሊያ የሚቀይሩት እንኳ በሱ ሆቴል ውስጥ ነበር። ኪራዩ በዓመት ከ100 ፓውንድ ተነስቶ በጥቂት ዓመታት 250 ደረሰ። በ1891 አንፊልድ እያሉ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዓመቱ ግን ጭቅጭቁ ጦዘና ተከራይ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ከመናፈሻው ማዶ ጉዲሰንን ሠራ። አከራዩ ባዶ ሜዳ ታቅፎ ቀረ። ምን ያድርግ? የራሱን ክለብ አቋቋመ፤ ሊቨርፑል አለው። ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽው አርማ የመጣው ከዚህ ጸብ ነው።

ቼልሲም ቢሆን ከሜዳው በኋላ የመጣ ነው። ስታምፎርድ ብሪጅ በ1877 ለአትሌቲክስ ተከፈተ። በኋላ ገስ ሚርስ የሚባል ሰው ገዛውና ፉልሃምን «ኑ ተከራዩኝ» ቢላቸው እምቢ አሉ። ቦታውን ለባቡር ድርጅት ሊሸጠው ሲያስብ፣ «አትሽጥ» እያለ የሚመክረውን አንዱን ወዳጁን ውሻው ነከሰው። ሰውየው ሳይቆጣ ነገሩን በቀልድ አለፈው። ሚርስ ይህን አይቶ «ያንተንማ ምክር እሰማለሁ» ብሎ ሽያጩን ተወ ይባላል። እውነት ይሁን ጨዋታ፣ ውሻውን እወደዋለሁ። ቼልሲ በ1905 ተመሠረተ።

ሜዳ የሌለው ክለብም ይኖራል። ሼፊልድ ኤፍሲ በ1857 የተመሠረተ፣ በእግር ኳስ ክለብነት የሁሉም ታላቅ ነው። የራሱን ሜዳ ያገኘው ግን በ2001፣ ያውም ከከተማው ወጣ ብሎ!

ለጥያቄሽ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኘሁት ዊምብልደን የሚባለው የለንደን እግር ኳስ ክለብ ላይ ነው። በ1991 ፕላው ሌን የሚባለውን ሜዳቸውን ለቀው የሰው ሜዳ ላይ በደባልነት ገቡ። በ2002 ደግሞ ባለቤቶቹ ክለቡን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኝ ሌላ ከተማ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ደጋፊው አልተከተለም። ሰፈሩ ውስጥ ባለ ሜዳማ ቦታ ላይ «መጫወት የሚችል ይምጣ» ብሎ ተጫዋች መረጠና ኤኤፍሲ ዊምብልደንን መሠረተ። ከዘጠነኛው እርከን ጀመሩ። በ2011 ወደ አራተኛው ሊግ ወጡ። እኔ ያኔ «ክለብ ማለት ሰው ነው፣ ሜዳው ምናባቱ!» ብዬ ነበር።

እነሱ ግን በቃን አላሉም። ገንዘብ ከደጋፊው ጭምር አሰባስበው፣ ከድሮው ሜዳ እልፍ ብሎ፣ እዚያው ፕላው ሌን ላይ አዲስ ስታዲየም ሠሩ። ኅዳር 2020 ላይ ገቡ። ከ29 ዓመት በኋላ! ዘመኑ የኮቪድ ነበርና በሩ ዝግ ነው። ተጫዋቾቹ የተጫወቱት ለባዶ ወንበር። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ደጋፊ የመጀመሪያዋን ጨዋታ እቤቱ ቁጭ ብሎ በስክሪን አያት። እኔ ብሆን አብድ ነበር።

ጉዲሰን እንኳ አልፈረሰም። የኤቨርተን ሴቶች ቡድን ተረክቦታል። ጨዋታ ሲኖራቸው ደውይልኝና አብረን እንይ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ዝም በይ አልልሽም።

አባትሽ