ትራንዚስተሩ ጠፋ ተብሎ ሬዲዮው አይጣል

ሰላም አዘጋጆች፣ እባካችሁ ስለ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ጥገናም ጻፉልን፣ ትራንዚስተሩ (ድምፁን የሚያጎላው ባለሦስት እግር ትንሽ ክፍል) ከገበያ ጠፍቷል እየተባለ ስንት ደህና ዕቃ ይጣላል! ለምሳሌ የጃፓኑ ትራንዚስተር ሲ1815 (C1815) ቢጠፋ ቱኤን3904 (2N3904) ብዙ ቦታ ላይ ይተካዋል፣ ግን እግሩን ሳያዩ ዝም ብሎ መበየድ አይሆንም፣ የ1815 መሀለኛው እግር ኮሌክተር (ዋናው ከረንት የሚያልፍበት) ነው የ3904 ደግሞ ቤዝ (መቆጣጠሪያው)፣ የሚችሉት ቮልቴጅም እንደ ቅደም ተከተላቸው 50 እና 40 ቮልት ስለሆነ መጀመሪያ ሰርኪዩቱን መለካት ነው። እነ ኤሲ128 (AC128) የሚባሉት የድሮ ትራንዚስተሮች ግን ለመተካት ከባድ ናቸው፣ ከጀርማኒየም የተሠሩ ስለሆኑ በ0.2 ቮልት አካባቢ ይከፈታሉ፣ ከሲሊከን የተሠራው ምትክ ግን 0.6 ገደማ ይፈልጋል፣ ባያሱ (ትራንዚስተሩን የሚከፍተው መነሻ ቮልቴጅ) ካልተስተካከለ ድምፁ ይበላሻል፣ ፒኤንፒ (PNP፣ የቮልቴጅ አቅጣጫቸው ከእነ 1815 የተገለበጠ) መሆናቸውም እንዳይረሳ። ለጀማሪ ልጆች የዳታሺት (የክፍሉን ዝርዝር የያዘው የፋብሪካ ወረቀት) አነባበብ በአማርኛ ብታወጡልን በጣም ደስ ይለናል።