ሳይኮሎጂን ከመሙላትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለይበልጣል፤ ደብረ ማርቆስ

እንዴት ሰነበትክ? እማዬና አባዬስ እንዴት ናቸው? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። «ሳይኮሎጂ ልሙላ ወይ?» ላልከኝ በስልክ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ለአባዬ ንገርልኝ፤ «የእብድ ሐኪም» የሚለው ሌላ ሙያ ነው። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። ይህን ስልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት የፈለገ ሰው ባሕር ይሻገር ነበር። ሳይኮሎጂ የሚያጠና ሰው ግን መርፌም ክኒንም አይነካም። ሥራው ሰው እንዴት እንደሚማር፣ እንደሚያስታውስ፣ እንደሚፈራና እንደሚያድግ መመርመር፣ መለካት፣ ማማከር ነው።

አንደኛ ዓመት ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂን ሁሉም ተማሪ ስለሚወስደው፣ ዲፓርትመንት ከመምረጥህ በፊት ትቀምሰዋለህ። ድልድሉ በምርጫህና በውጤትህ ነውና ፍሬሽ ሆኖ የተዘናጋ ያልፈለገበት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣህ ኮርሱን ጨርሰህም ዲግሪው እጅህ አይገባም።

ተማሪ የሚሰናከለው በነፍሮይድ የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳብ አይደለም፣ በስታቲስቲክስ ነው። «ከሒሳብ ልሽሽ» ብሎ የገባ ሁሉ እዚያ ይያዛል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ሁለት ክፍሎች የፈተና አማካያቸው 60 ነው እንበል። በአንደኛው ተማሪዎቹ ሁሉ ከ55 እስከ 65 አምጥተዋል። በሌላው አሥር ልጆች አሉ፤ አምስቱ 30፣ አምስቱ 90 አገኙ። አማካዩን ብቻ ያየ መካሪ ሁለቱም ክፍሎች ደህና ናቸው ብሎ ይሄዳል፤ እየሰጠሙ ያሉትን አምስት ልጆች ሳያያቸው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚያሳይህ ቁጥር ነው። ቀመሩን ብቻ ሸምድደህ ብትገባ ሦስተኛ ዓመት የምርምር ዘዴ ላይ ትወድቃለህ፤ አራተኛ ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍህን መረጃ ለሌላ ሰው ከፍለህ ታሠራለህ፤ መምህሩ ሲጠይቅህ መልስ የለህም።

ሌላው ሰው የሚስተው መጠይቅ ላይ ነው። ፒ ኤች ኪው 9 የሚባል የድብርት መጠይቅ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ጠቅላላው 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ ሰውየው በደንብ ይመርመር ማለት ነው እንጂ «ድብርት አለበት» ማለት አይደለም። አሁን በእኛ አገር አስበው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ሰው «የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል?» ብትለው «አዎ፣ አልበላም» ይልሃል። ሌሊቱን ማኅሌት የቆመውን ዲያቆን ስለ እንቅልፍ ብትጠይቀውም እንደዚያው። ነጥብ ከመስጠትህ በፊት «ለምን?» ማለት አለብህ። በተቃራኒው የእኛ ሰው «አዝኛለሁ» አይልህም፤ «ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሐሳብ ገደለኝ» ነው የሚልህ። ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እሱ ላይ ከ0 በላይ ያለ ሰው ድምሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ አይታለፍም፤ ብቻውን ሳይተው ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ሥራውን ደግሞ ሳልሸፍን ልንገርህ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን አማካሪ የሚል ታፔላ አያሰቅልህም። የሚያስቀጥርህ በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት፣ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ በእርዳታ ድርጅት የሳይኮሶሻል (የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ) ሠራተኛነት፣ በመሥሪያ ቤት የሰው ሀብት፣ በጥናት መረጃ ሰብሳቢነት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ማስታወቂያው «ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሺዮሎጂ ወይም ተመሳሳይ» ብሎ ስለሚወጣ ተወዳዳሪህ ብዙ ነው። የሚለይህ የተግባር ልምምድህና መረጃ መተንተን መቻልህ ነው። ልምምዱ ላይ ፊርማ ለማስሞላት ብቻ እንዳትሄድ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራህ ዝም ብሎ ማዳመጥ በመጽሐፍ አይገኝም፤ «አይዞህ፣ ያልፍልሃል» ብሎ መቸኮል ደግሞ የሁላችንም አመል ነው። በማማከር ሙያ መኖር ከፈለግህ ማስተርሱን ከአሁኑ አስብ።

«አሜሪካ መጥቼ እሠራበታለሁ» ያልከውን ግን በረድ አድርገው። እዚህ የአራት ዓመት ዲግሪ ይዞ ሳይኮሎጂስት መባል አይቻልም። ለአማካሪነት ማስተርስ ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ግዛት 60 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ከዚያ ላይሰንስ እስክታገኝ በተቆጣጣሪ ሥር በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ትሠራለህ፤ ልኩ እንደየግዛቱ ይለያያል። ሳይኮሎጂስት ለመባል በአብዛኛው ግዛት ዶክትሬት ነው፣ በላዩ ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና አለ። ዶክትሬቱም ሁለት ዓይነት ነው። ፒ ኤች ዲው ምርምር ላይ ያመዝናል፤ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ክፍያህን ችሎ ትንሽ ደመወዝ ይሰጥሃል፣ መግባቱ ግን ጭንቅ ነው። ሳይ ዲ የሚባለው ለሕክምና ሥራው ያዘጋጃል፤ አብዛኛውን ከኪስህ ወይም በብድር ነው የምትከፍለው። በብድር አትግባ፣ ይህን በግልጽ እነግርሃለሁ።

ለማንኛውም ከተመረቅክ በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራር ራሱ አሽጎ ይላክ፤ አንተ ከከፈትከው ዋጋ የለውም። ስምህም በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ በዲግሪና በፓስፖርት ላይ በፊደል ሳይለያይ አንድ ዓይነት ይጻፍ። «ይበልጣል» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ተደርጎ እንደሚጻፍ ታውቀዋለህ።

የሒሳብ መጽሐፎችህን ለማንም እንዳትሰጥ። ለእማዬ በጤናዋ እንዳትቀልድ በልልኝ፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እህትህ