የብስክሌት ክበብ፦ በጣና ዳር እስከ ዘጌ

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለልጆቻችን ብርቅ አይደለም። ትምህርት ቤት ይመጡበታል፣ ሱቅ ይላኩበታል። ክበቡ የሚያስተምረው ሌላ ነው፦ ተሰልፎ መንዳት፣ የወለቀ ሰንሰለት መመለስ፣ ጎሚስታ በሌለበት ጎማ መለጠፍ። የመጀመሪያው መንፈቅ በዚህ አለፈ። አንዳንድ ቅዳሜ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ዓባይን ቁልቁል አይተናል። ዘንድሮ ሴት አባላት መብዛታቸውም በጣም አስደስቶኛል።

የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን የግንቦቱ የዘጌ ጉዞ ነው።

ማለዳ ስንነሳ ጣና ጸጥ ብሎ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደብን። በመንገድ ዳር ያሉ አንዲት እናት «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ!» ብለው በራቸውን ከፈቱልን። ያን ሁሉ የራሰ ልጅ ምድጃ ዳር ሰብስበው ቆሎ አቀረቡ። እግዜር ይስጥልን እማማ።

ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ከረረች። ጭቃው ግን ጎማና ፓራፋንጎ መሃል እየተጠቀጠቀ አላስኬድ አለ። በእንጨት እየፋቅን፣ አንዳንዴም እየገፋን ሄድን። ትልልቆቹ ተማሪዎች ማንም ሳያዛቸው የትንንሾቹን ብስክሌት ተቀብለው ሲገፉ አይቻለሁ። ክበቡ ክበብ የሆነው እዚያ ጭቃ ላይ ነው እላለሁ።

ዘጌ ጫካው ውስጥ ስንገባ አየሩ ራሱ ተቀየረ። ከላይ ዋንዛ፣ ከሥሩ ቡና። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እዚህ ከብት የለም እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው። ትውፊቱ ሕጉን ከዘጌ ገዳም መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ሕዝቡ የኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው፤ ምርቱንም በታንኳ ወደ ገበያ ያወጣ ነበር። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሲሆን ይህ ጫካ የቆመው በዚያ ሕግ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ አድርጎ ሲመዘግብ፣ የዘጌ ሰዎች ጥበቃውን ከጀመሩ ዘመናት አልፈው ነበር። ይህን ልጆቻችን በዓይናቸው ማየታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጫማችንን አውልቀን ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አባ እያንዳንዱን ታሪክ በትዕግሥት አስረዱን፤ ልጆቹ ውጡ እስኪባሉ ድረስ ከሥዕሎቹ አልተነቀሉም።

ስንመለስ ነፋስ ተነሳ። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታውን ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ይይዛል። በጂኦግራፊ ክፍል የተማሩት ይኸው ነገር ከግራ በኩል ይገፋቸው ጀመር። ጉልበት ያላቸውን በግራ፣ ትንንሾቹን በቀኝ አድርገን ነዳን። ከተማ ስንደርስ ደግሞ ካፊያ ጀመረ፤ ማንም ግን ግድ አልሰጠውም። ሁሉም በሰላም ቤቱ ገብቷል።

ለሚቀጥለው ዓመት ጢስ ዓባይን አስበናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። የሚቸግረን ሄልሜትና ለትንንሾቹ የሚሆን ብስክሌት ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ ያደገበት ብስክሌት ቤት ተቀምጦ ከሆነ ላኩልን፤ ቢሰበርም ችግር የለም፣ ልጆቹ ይጠግኑታል።