ለልጄ፦ መሰርሰሪያውን ከማንሣትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። የላክሻቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አየሁ፤ መነጽሬን ወልውዬ ደግሞ አየኋቸው። የአያትሽ ስቲል ጊታር ከስንት ዓመት በኋላ ከሣጥኑ ወጥቶ ጭንሽ ላይ ተጋድሞ ሳየው ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን መሰርሰሪያ ሳይ ግን ሆዴን ባር ባር አለው።

ጥያቄሽ አጭር ነው፤ «ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልተወው?» መልሴ እንደ ጥያቄሽ አጭር አይሆንም። አባትሽን ታውቂዋለሽ።

ለአንቺ የሚያደላውን ክርክር ራሴው ላንሣልሽ፤ ካንቺ አፍ ከምሰማው ይሻላል። ስቲል ጊታር ራሱ የተለወጠ ጊታር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃዋይ ውስጥ ይህን አጨዋወት ጀመረ ተብሎ ስሙ የሚነሣው ጆሴፍ ኬኩኩ ክሮቹን በጣቱ መጫን ትቶ በላያቸው ብረት ማንሸራተት ባይጀምር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር። ክሮቹ ከሰሌዳው ከፍ እንዲሉ መደረጋቸው፣ መሣሪያው ጭን ላይ መጋደሙ፣ ሁሉም «እንዳለ ልተወው» ያላሉ ሰዎች ሥራ ነው። ድምፁ ለትልልቅ አዳራሾች አልበቃ ሲል ደግሞ ጆርጅ ቢቻም እ.ኤ.አ. በ1931 በማግኔትና በመዳብ ሽቦ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ጊታር ናሙና አበጀ። በዓመቱ ለገበያ ሲቀርብ ክብ አካሉንና ቀጭን አንገቱን ያዩ ሰዎች «መጥበሻ» አሉት። መጥበሻውም እንከን ነበረበት። አሉሚኒየም ስለሆነ የመድረክ መብራት ሲያሞቀው እየሰፋ ቅኝቱን ያፈርሰው ነበር። ስለዚህ በ1935 ሪከንባከር የተባለው ጊታር ሠሪ ድርጅት ቤክላይት ከሚባለው የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራውን ጥቁሩን ጊታር አወጣ። የአያትሽ ጊታር የዚያ ዘር ነው። በ1950ዎቹ ባድ አይዛክስ የተባለው ተጫዋች ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳል ረግጦ ድምፁን ሲያጎብጠው የሰሙ ተጫዋቾችም በየጊታራቸው ላይ ፔዳል ሊቀጥሉ ተነሡ። በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ሰው የለም።

እንግዲህ መለወጥ ኃጢአት ነው አልልሽም። የምፈራው የሚያነሣው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚለውጥን ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ቡናማውን ባለ ስምንት ክር ጊታሬን ታውቂዋለሽ። የገዛሁት በ23 ዓመቴ ነው። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን እጄን ከክሮቹ ሳነሣም ስጭንም እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ፒክአፑ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና ሽቦ፣ አርጅቷል ብዬ ፈረድኩበት። ነቀልኩት፤ አዲሱ አልገባ ሲል እንጨቱን ፈለፈልኩ፤ ለብሎኖቹ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፤ አንደኛው ቦታውን የሳተ ነው። እጄን አንዴ ካነሣሁ አይቀር ብዬ ቫርኒሹን ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ላጥኩት። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹንም አውጥቼ አዳዲስ አስገባሁ፤ አሮጌዎቹን ጣልኳቸው። ሁሉን ጨርሼ አምፕሊፋየሩን ስከፍት ምን ሰማሁ መሰለሽ? ያንኑ ንብ።

ከብዙ ወራት በኋላ ክሮቹ ከሚያርፉበት ከብሪጁ ሥር አንዲት የጣት እርዝመት የማትሞላ ሽቦ ተቆርጣ አገኘኋት። ክሮቹን ከመሬት መስመር ጋር የምታገናኘው እሷ ነበረች። አንድ ጠብታ ብየዳ ሥራውን ጨረሰው። ፒክአፑ ከመጀመሪያውም አልታመመም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጊታሩ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «መቆጣጠሪያዎቹን ገልብጠህ እይ» አለኝ። በዚያ ዘመን መቆጣጠሪያዎች ጀርባ ላይ ቁጥር ይመታ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የሠሪው ድርጅት መለያ ናቸው፤ የቀሩት የተሠሩበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራሉ። እኔ ግን የልደት ወረቀቱን ጥዬዋለሁ። እስከ ዛሬ ዕድሜውን ስጠየቅ እንደ እናት አልባ ልጅ ግራ ይገባኛል።

አሁን ወደ አንቺ ጊታር ልመለስ። «ወፍራሞቹ ሦስት ክሮች ድምፃቸው ሞቷል፤ ቀጫጭኖቹ ይጮኻሉ፤ ስለዚህ ፒክአፑን ቀይሬ ሁለተኛ ልጨምርበት» ብለሽ ጽፈሻል። አራተኛውን ፎቶግራፍ አጉልተሽ እዪው። ወፍራሞቹ ክሮች ቀላ ያለ ወርቃማ ቀለም አላቸው። ነሐስ ናቸው፤ ለእንጨት ጊታር የሚሠሩ። ማግኔት ነሐስን አያውቀውም፤ የሚሰማው በመሐል ያለችውን ቀጭን የብረት አስኳል ብቻ ነው። ያልተጠመጠመባቸው ቀጫጭኖቹ ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆኑ ይጮኻሉ። ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚሆን የኒኬል ጥምጥም ያላቸውን ክሮች ግዢና አስሪ። ፒክአፑን የምንከሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔም ድምፁ ከደከመ መሣሪያ ይዘሽ ስትለኪው ከዛሬዎቹ ፒክአፖች ያነሰ ኦም (የሽቦው የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ቢያሳይሽ አትደንግጪ፤ የድሮዎቹ አጠማጠም እንዲያ ነው። የሚደክሙት ብዙ ጊዜ በክሮቹ ላይ እንደ ድልድይ የጎበጡት ሁለቱ የፈረስ ኮቴ ማግኔቶች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚያውቅ ሰው እንደገና ማግኔትነታቸውን ሊሞላላቸው ይችላል። አንድ ጊዜ በማስመሪያ ለክቻቸዋለሁ፤ ስፋታቸው 38 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ወደ 32 ዝቅ ብለዋል። ስለዚህ የአያትሽ ጊታር ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ይህንን የነገረኝ ማንም ሳይነካቸው የቆዩት ማግኔቶች ናቸው። ቦታ ለማግኘት ብለሽ ብታነሻቸው የእኔን መቆጣጠሪያዎች ዕጣ አገኙ ማለት ነው።

ቀዳዳውን በተመለከተ አልለማመጥሽም፤ እምቢ ነው። እንጨት ቢበሳ ይደፈናል፤ እኔም ሁለቱን ደፍኛቸዋለሁ። ቤክላይት ግን ደረቅና ተሰባሪ ነው። መሰርሰሪያው ከላይ ሲገባ ከታች እንደ ሸክላ ይሸረፋል፤ የተሸረፈውን የሚመልስ ሙጫ አላየሁም።

መቃኛዎቹ ላይ ያሉት የፕላስቲክ እጀታዎች በእጅሽ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈሩ ብለሻል። ቀይሪያቸው። ጥርሶቹ ደህና ከሆኑ እጀታውን ብቻ፤ ካልሆኑም በነበረው ቀዳዳ የሚገባ መቃኛ ፈልጊ። የወጣው ሁሉ፣ ብሎኑ ሳይቀር፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ከሣጥኑ ጋር ይኑር። ከመፍታትሽ በፊት ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው። የብረት ሳህኖቹን በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ አልፈሽ አትፈትጊያቸው።

አብሮት የነበረው አምፕሊፋየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መሰኪያው ሁለት እግር ብቻ ያለው፣ የመሬት መስመር የሌለው ነው። እዚያ ላይ ስለ ኦሪጅናልነት የሚያወራሽን ሰው አትስሚ፤ እኔም ብሆን። የስቲል ጊታር ተጫዋች ሁለት እጁ በብረት ላይ ነው፤ አንዱ በክሩ፣ አንዱ በሚያንሸራትተው ዘንግ። ብልሽት ቢኖር ኤሌክትሪኩ መንገዱን በአንቺ በኩል ያደርጋል። ባለሙያ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ያስገባልሽ። ራስሽ እንዳትከፍቺው፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

የበለጠ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) እፈልጋለሁ ላልሽው፣ ይህ ጊታር ያለ አንድ ብሎን የሚቀበለው ለውጥ አለ፤ ቅኝቱ። አሁን ሲ 6 በሚባለው ቅኝት ነው የቃኘሽው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ሁለቱን የሲ ክሮች በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጊያቸው፤ ጊታሩ እንዳለ ኤ 7 የሚባለው ኮርድ ይሆንልሻል። አንድ ሳምንት በዚያ ቆዪበት። በሲ 6 ቅኝት ስሙ የሚነሣው ጄሪ ባይርድ ሌሎች ወደ ፔዳል ሲሮጡ ፔዳል የሌለውን ጊታር አልተወም፤ አያትሽ ያለው ዓይነት የቤክላይት ጊታርም ይጫወት ነበር። ከሰውየው ድምፅ ውስጥ ስንቱ ከጊታሩ፣ ስንቱ ከግራ እጁ እንደሚመጣ አዳምጠሽ ንገሪኝ።

ስለ ዋጋው አላነሣሁም፤ ያልተነካ ጊታር ከተነካው በላይ እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ፤ ልትሸጪውም አይደለም።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፤ ትይዥብኝና። ድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቡናማ ቁልፍ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። ኦሪጅናሉ ጠፍቶ አያትሽ ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ ነቅሎ የገጠመው ነው። ትክክለኛውን ፈልጌ ልመልስለት ብትዪኝ አልወድም። ፋብሪካው ያደረገውን አትንኪ፣ አያትሽ ያደረገውንም አትንኪ ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆኑ ይገባኛል። የእሱ ቁልፍ ግን የበሳው ነገር የለም። ትንሿ ጣቱ ያረፈችበት ወገንም አሁን ለስልሷል፤ ስትጫወቺ ጣትሽን እዚያው አሳርፊ።

እጅሽ ግን መሥራት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ከእኔ የወረስሽው ነው። ስለዚህ ቡናማውን ጊታሬን በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ። እሱ የሚጠፋ ነገር የለውም፤ ሁሉንም አጥፍቼለታለሁ። ብሺው፣ ሁለተኛ ፒክአፕ ጨምሪበት፣ ፔዳልም ቢያምርሽ ቀጥዪለት። ያልደፈንኳት አንዷ ቀዳዳ ያቺ ቦታዋን የሳተችው ናት፤ ሽቦ ማሳለፊያ ሊሆንሽ ይችላል። ስምንት ክር ስላለው የምትፈልጊው ኮርድም እዚያ ይገኛል።

አባትሽ

ያልጻፍኩት አንድ ነገር ቀረ፤ ሁሉን ነገር ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ ብያለሁ፤ የነሐስ ክሮቹን ግን ጣያቸው።