ካዴቱን መርከብ ላይ ማን ያስተምረው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው አቃቂ ነው። በሰፈራችን በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ናቸው። መርከብ ላይ በመሐንዲስነት እንደሠራሁ ስለሚያውቁ፣ «ጋሼ፣ የመርከብ ሥልጠናው ያዋጣል?» ይሉኛል። አዎ፣ ያዋጣል። ቢምኮና ኢንተርናሽናል ቻምበር ኦፍ ሺፒንግ የተባሉት ዓለም አቀፍ የመርከብ ድርጅቶች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ እስከ 2026 ድረስ ለዓለም የንግድ መርከቦች ተጨማሪ 89,510 መኮንኖች እንደሚያስፈልጉ ገምተው ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቢሾፍቱ ባለው የባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ሥልጠናው አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከክፍል ወጥተው ካዴት፣ ማለትም ሠልጣኝ መኮንን፣ ሆነው መርከብ ሲሳፈሩ የሚጠብቃቸው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ መካከለኛ የጭነት መርከብ 40 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ይዞ ይጓዝ ነበር። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ኮንቴይነር የጫነ ግዙፍ መርከብ በ20 ወይም በ25 ሰው ውቅያኖስ ያቋርጣል። ሌሊት ሞተሩን የሚጠብቀው አላርም ነው። ተረኛው መሐንዲስ ካቢኑ ይተኛል፣ ሲጮህ ይወርዳል። የሬዲዮ መኮንን የሚባል ሥራም አዲሱ የአደጋ ጥሪ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ከአብዛኛው መርከብ ቀርቷል። ፍተሻው፣ ሪፖርቱና ቅጹ ግን በዝቷል። የሚሞሉት ደግሞ የቀሩት ጥቂት መኮንኖች ናቸው።

ካዴት ድሮ የሚማረው ከአንድ ሰው አልነበረም። ኦይለሩ፣ ማሽኖቹን ዘይት የሚያጠጣው ሠራተኛ፣ የፓምፑን ሙቀት በእጅ መዳሰስ ያሳየዋል። ፊተሩ፣ የብረት ጥገና ሠራተኛው፣ ብየዳ ያስይዘዋል። ሦስተኛው መሐንዲስ ማሽን ሲፈታ አጠገቡ ያቆመዋል። «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አያጣም። አሁን መርከቡ ወደብ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ሰከንድ ኢንጂነሩ (ከዋናው መሐንዲስ ቀጥሎ ያለው) ጥገናውን ለመጨረስ ይሯሯጣል፣ ልጁ ደግሞ መጥረጊያና የቀለም ብሩሽ ይዞ ይውላል። ወሩ ሲያልቅ የሥልጠና መዝገቡ ላይ ይፈረምለታል። በዚህ ዓይነት ፊርማ የወጣ መኮንን ነገ ብቻውን የሞተር ጥበቃ ተራ ሲይዝ ምን ያደርጋል?

ሕጉ ግልጽ ነው። ኤስ.ቲ.ሲ.ደብሊው የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሞተር ክፍል ካዴት በወርክሾፕና በባሕር ላይ በድምሩ ቢያንስ 12 ወር እንዲለማመድ ያዛል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ ብቃት ባለው መኮንን ሥር የሞተር ጥበቃ ተራ እየያዘ የሚያልፍ ነው። ያው ስምምነት መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት እንዲያርፍም ያዛል። እረፍት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሼን ኔንግ 1 የተባለች የድንጋይ ከሰል መርከብ አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ (የባሕር ውስጥ ድንጋይ) ላይ ወጥታ ተቀረቀረች። መርማሪዎች ተረኛው መኮንን ከአደጋው በፊት በነበሩት 38 ሰዓት ተኩል የተኛው 2 ሰዓት ተኩል ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። እንዲህ የደከመ ሰው ልጅ አስተምር ቢባል ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ በአገራችን ባንዲራ የሚጓዙ መርከቦች ለካዴት ቋሚ አልጋ ይያዝላቸው። ካዴቱ ከሕጉ ዝቅተኛ የሠራተኛ ቁጥር በላይ ተጨማሪ ሆኖ ይሳፈር እንጂ የጎደለ ሰው መሙያ አይሁን። ለሚያስተምረው መኮንንም ለማስተማሪያ የሚሆን ሰዓት ከሥራው ይቀነስለት። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። መኮንን ማሠልጠን ግን ያለ ወጪ አይሆንም።

ወላጆችንም አንድ ነገር ላሳስብ። መርከብ ላይ አስቀጥራለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከመርከበኛ የቅጥር ክፍያ መቀበልን ይከለክላል።

አዘጋጁን የምጠይቀው የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች እንድታነጋግሩልን ነው። ዘንድሮ በየመርከቡ ስንት የካዴት ቦታ አለ? የሚያስተምረውስ ማን ነው? መልሳቸውን አትማችሁ ብታወጡልን የሰፈሬ ልጆች ያነቡታል።

የቀድሞ የመርከብ መሐንዲስ፣
ከአቃቂ