ነጥቧ ያንተ ናት

ደሴ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ገብቶ ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ምክንያት አልደረድርም። ስንፍና ነው፤ አፉ በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የድሮ ክርክራችን ነው። ኮምቦልቻ አያትህ ዘንድ ስንወርድ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ የምንጫወታትን ታስታውሳለህ? የመጪው መኪና ታርጋ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ከሆነ፣ ቀድሞ ያየ ነጥብ ይይዛል። 34743 ዓይነት። አንድ ቀን 01210 አየህና ጮህክ። እኔ "ከፊት ያለ ዜሮ አይቆጠርም" ብዬ ነጥቧን ከለከልኩህ። እስከ መናኸሪያ አኮረፍከኝ።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ነው። አትሳቅ። ሰሞኑን የተሰጠን የቤት ሥራ ያቺው ጨዋታችን ሆና አረፈች። ቁጥሩን ለ10 ታካፍላለህ፤ ቀሪው የመጨረሻው አሃዝ ነው። እሱን ወደ ጎን እየደረደርክ፣ ድርሻውን መልሰህ ታካፍላለህ። አሃዙ ሲያልቅ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ታስተያያለህ። በቃ።

የኔው ፕሮግራም ግን 34743ን "አይደለም" አለኝ። 121ንም! ግማሽ ሌሊት ፈጀሁበት፤ መሃል ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ለካ ቁጥሩን እያካፈልኩ ዜሮ አድርሼው ኖሯል። የተገለበጠውን የማስተያየው ከዜሮ ጋር ነው። ዋናውን ቀድሜ በሌላ ስም ማስቀመጥ ነበረብኝ። ካስተካከልኩት በኋላ ከ10000 እስከ 99999 አስቆጠርኩት፤ 900 አገኘ። ከመቶ አንድ! ሐረጎ ላይ ዓይናችን እስኪደክም የምንጠብቀው ወደን አልነበረም።

ከዚያ ያቺን 01210 አስገባሁ። ወደ ቁጥር ሲቀይራት የፊቷን ዜሮ ጣላት፣ 1210 ሆነች። ስትገለበጥ 121። "አይደለም" አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ቆይቼ ግን ቁጥርነቱን ትቼ እንደ ጽሑፍ ብቻ አስገለበጥኳት። "ነው" አለ። ታርጋን ደግሞ ማን ይደምረዋል፣ ማን ይቀንሰዋል? ቆርቆሮ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ዜሮዋም እዚያው ቁጭ ብላለች።

ስለዚህ ነጥቧ ያንተ ናት። ስትመጣ ሐረጎን አብረን እንወርዳለን፤ መስኮቱ ጋ አንተ ትቀመጣለህ።