ከማመልከቻሽ ውስጥ አንድ ቃል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬና አባዬስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በእንግሊዝኛ ጽፈሽ የላክሽልኝን የሥራ ማመልከቻ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ከማስገባትሽ በፊት ግን አንድ ቃል አርሚ። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ብለሻል። ቀጣሪው የሚረዳው «እምብዛም አልሠራም» ብሎ ነው። ትክክሉ «አይ ዎርክ ሃርድ» ነው፤ ምንም አይጨመርበትም።

የተሳሳትሽው የተማርነውን ሕግ ተከትለሽ ነው። ከ«ስሎው» «ስሎውሊ»፣ ከ«ኩዊክ» «ኩዊክሊ» ይወጣል፤ ቅጽል ላይ «ሊ» ሲቀጠል ተውሳከ ግስ ይሆናል። «ሃርድ» ግን እንዳለ ሁለቱንም ይሆናል። «ሊ» ከገባበት ሌላ ቃል ይሆናል። «ሌት» አርፍዶ ሲሆን «ሌትሊ» ሰሞኑን ማለት እንደሆነው ነው።

ድሮ ቢሆን ልክ ነበርሽ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሄአርድሊቼ» በብርታት፣ በጽናት ማለት ነበር። ቆይቶ ወደ «በብዙ ችግር» ዞረ። እንደ ፈረንጆቹ በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 19፥23 ላይ ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት «ሃርድሊ» ይገባል ይላል፤ በጭንቅ ማለቱ ነው። በጭንቅ የሚሆን ነገር ደግሞ አይዘወተርምና ቃሉ እየሳሳ ሄዶ ዛሬ «እምብዛም» ላይ ደርሷል።

ሁለተኛው ወጥመድ እዚሁ «እምብዛም» ላይ ነው። በአማርኛ «እምብዛም አይሰማኝም» እንላለን፤ ግሱ አሉታ ይሆናል። ያንን ይዘን ስንሄድ «አይ ካንት ሃርድሊ ሂር ዩ» ይመጣል። «ሃርድሊ» አሉታውን በሆዱ ይዟል፤ ስለዚህ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ» በይ። ቦታው ከ«ካን» በኋላ፣ ከዋናው ግስ በፊት ነው። «ከስንት አንዴ» ለማለትም «ሃርድሊ ኤቨር» እንጂ «ሃርድሊ ኔቨር» አይባልም።

በጽሑፍ ዓረፍተ ነገር ሊጀምርም ይችላል፦ «ሃርድሊ ሃድ ሺ ሳት ዳውን ዌን ዘ ፎን ራንግ»፤ ገና ቁጭ ከማለቷ ስልኩ ጮኸ። «ሃድ» ከባለቤቱ ይቀድማል፣ ማያያዣውም «ዌን» ነው። ለማመልከቻ ግን አያስፈልግሽም።

እዚህ የሥራ ባልደረቦች «ዎርኪንግ ሃርድ፣ ኦር ሃርድሊ ዎርኪንግ?» ይባባላሉ፤ «እየለፋህ ነው ወይስ ዝም ብለህ ተቀምጠሃል?» እንደማለት ነው። ይቺን በቃልሽ ያዣት፤ «ሃርድ» ከግሱ በኋላ፣ «ሃርድሊ» ከግሱ በፊት እንደሚመጡ ታስታውስሻለች።

አርመሽ መልሰሽ ላኪልኝ፤ በዚያው ሌላውንም አየዋለሁ። የእማዬንና የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ